የመስቀል ወፍ የት ትሄዳለች? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

ጥቅምት ገብቶ ሰማዩ ሲጠራ ስለ ወፍ የሚጠይቁኝ ሰዎች ይበዛሉ። ዘንድሮም እንደዚያው ሆነ። ሁሉንም ለማስተናገድ ቦታ ስለማይበቃ ሰባት ጥያቄ መርጫለሁ። ለአዲስ አንባቢ፦ ሐዋሳ ተወልጄ ያደግሁ፣ 26 ዓመት ባዮሎጂ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። አባቴ ዓሣ አጥማጅ ነበር። ወፍ ማየት የጀመርኩት እሱ ጀልባ ላይ ተቀምጬ ነው።

ጤና ይስጥልኝ መምህር። የምንኖረው አዳማ ነው። ለገና ልጆቻችንን ይዘን ሐዋሳ ለመምጣት አስበናል። ትልቁ ልጄ 11 ዓመቱ ነው፤ ወፍ በጣም ይወዳል። ጊዜው ጥሩ ነው? የትስ እንውሰደው?
*የሁለት ልጆች እናት፣ ከአዳማ*

እንኳን አሰባችሁት። ጊዜውም ጥሩ ነው። ለወፍ የሚመቸው ወቅት ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ነው። ክረምት ወጥቶ መፀው ሲገባ ከሰሜን የሚመጡት ይደርሳሉ። ቸኩለው ነሐሴ ሳያልቅ የሚገቡም አሉ። በጋውን እዚሁ ያሳልፉና መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ጓዛቸውን ጠቅልለው ይሄዳሉ። ለገና ስትመጡ ሁሉም ገብቶ፣ ቦታ ቦታውን ይዞ ታገኙታላችሁ።

መጀመሪያ አሞራ ገደል መሄዳችሁ አይቀርም። ሐዋሳ መጥቶ ዓሣ ገበያውን ሳያይ የሚመለስ የለም። ጠዋት ጀልባዎቹ ሲገቡ፣ ቆሮሶና አምባዛው ሲበለት፣ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ከሰው ጋር ተጋፍቶ ሲቆም ልጆች ደስ ይላቸዋል። ዓሣ በእጃችሁ ከያዛችሁ ግን ጭልፊቱን ተጠንቀቁ፤ ከኋላ መጥቶ መንጭቆ ነው የሚሄደው። ለዚህ ሁሉ አንድ ሰዓት ይበቃል። እዚያ ያለው ወፍ የቆመው ለፍርፋሪ ነው። ልጁ ወፍ የራሱን ኑሮ ሲኖር እንዲያይ ከፈለጋችሁ ወደ ፀጥታው ውጡ።

ከዚያ የሐይቁን ዳር ይዛችሁ በእግር ሂዱ። ከተማችን ከሐይቁ በስተምሥራቅ ስለሆነች ጠዋት ፀሐይዋ ከጀርባችሁ ትሆናለች። ያኔ የወፉ ቀለም ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከሰዓት በኋላ ብርሃኑ ከፊት ስለሚመጣ ሁሉም ወፍ ጥቁር ይመስላል። ብዙ ሰው ከሰዓት ወጥቶ «ምንም አላየሁም» የሚለው ለዚህ ነው። ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ያለው ጠዋት ከቀኑ ሁሉ ይበልጣል።

የእኔ ቦታ ግን ጥቁር ውሃ ነው። ከሻሸመኔ ስትመጡ ከተማው ሊጀምር ሲል የምትሻገሩት ወንዝ። ከጨለለቃ ረግረግ ተነስቶ፣ ሳይቸኩል እየተጎተተ ሐይቁ ይገባል። ወንዙ አፍ አካባቢ ፊላው፣ ቄጠማው፣ ውሃ ላይ የተነጠፈው ሰፋፊ ቅጠል አለ። ብቻችሁን ግን አትግቡ። ቦታውን የሚያውቅ ጀልባ ቀዛፊ ወይም የአካባቢውን ልጅ ያዙ። ጉማሬ አለ። ማለዳ ከግጦሽ ወደ ውሃው ሲመለስ መንገዱ ላይ መቆም ሕይወት ያስከፍላል።

አንድ ነገር አደራ ልበላችሁ። ልጁን «ስንት አየህ?» ብላችሁ አታስቸኩሉት። አንድ ቦታ መርጣችሁ 20 ደቂቃ ቁጭ በሉ። መጀመሪያ ምንም የለም። ወፎቹ ስትመጡ ስላዩአችሁ ዝም ብለዋል። ከዚያ አንዷ ትንቀሳቀሳለች። ከዚያ ሌላዋ። ጥቁርና ነጩ ዓሣ አጥማጅ ወፍ አየር ላይ ባለበት እየተርገበገበ ይቆምና እንደ ድንጋይ ውሃው ላይ ይወድቃል። ከሰሜን የመጡት ትንንሽ ዳክዬዎች ከፊላው ጥግ ተራ በተራ ብቅ ይላሉ።

አምና ኅዳር ላይ እንዲህ ቁጭ ብዬ ሳለ ያየሁትን ልንገራችሁ። ጃካና የምትባል ወፍ አለች። አካሏ ቀላ ያለ ቡናማ፣ ግንባሯ ሰማያዊ፣ የእግሯ ጣቶች እጅግ ረጃጅም ናቸው። ጣቶቹ ክብደቷን ስለሚያከፋፍሉላት ውሃ ላይ በተነጠፈው ቅጠል ላይ ሳትሰምጥ ትራመዳለች። ያን ቀን አንዱ ጃካና ክንፉን ወደ ጎኑ ጥብቅ አድርጎ፣ ሰውነቱን ከፍ አድርጎ ይሄዳል። ከክንፎቹ ሥር ቀጫጭን ነገሮች ተንጠልጥለዋል። የተጠመጠመበት ሣር ነበር የመሰለኝ። በባይኖክላሩ ሳየው እግር ነው። ቆጠርኩ፤ ስድስት። ሦስት ጫጩቶቹን በብብቱ ይዞ እየተሻገረ ነው። እንቁላሉን የሚታቀፈውም፣ ጫጩቶቹን የሚያሳድገውም አባትየው ነው። እናቲቱ እንቁላሏን ትጥልለትና ወደ ሌላ ወንድ ትሄዳለች። ሦስቱንም ቅጠል ላይ አራገፋቸው፤ እያንዳንዳቸው የጥጥ ፍሬ ያህላሉ፤ ጣታቸው ግን ከአሁኑ በጣም ረጅም ነው። ልጃችሁ ይህን ያየ ቀን ሌላ ነገር አያምረውም።

መምህር፣ ልጆች ሳለን የመስቀል ወፍ በመስከረም ትመጣ ነበር። ከዚያ ትጠፋለች። ሰው እንኳ ሲጠፋብን «የመስቀል ወፍ ሆነ» እንላለን። ለመሆኑ የት ነው የምትሄደው? ከአውሮፓ ከሚመጡት ናት?
*የ74 ዓመት አዛውንት፣ ከሐዋሳ*

የትም አትሄድም ጋሼ። ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ናት። የምትቀይረው ልብሷን ነው።

የመስቀል ወፍ የሚባለው እንደየአገሩ ይለያያል። ረጅም ጭራ ያለውን የሚሉ አሉ። እኛ ዘንድ ልጆች የሚጠቁሙኝ ቀይና ጥቁሩን፣ ድንቢጥ የሚያህለውን ነው። ሁለቱም ግን አንድ ጠባይ አላቸው። አምሮ የሚታየው ወንዱ ነው፤ የሚያምርበትም ምክንያት ትዳር ነው። ዝናቡ ሲመጣ ሣሩ ያድጋል፣ ዘሩ ይበዛል፣ ልጅ ለማሳደግ ይመቻል። ያኔ ወንዱ ቡናማ ላባውን አራግፎ እንደ ፍም የቀላ ይለብሳል። ፊላው ጫፍ ላይ ወይም በቆሎ ማሳ ላይ ወጥቶ ላባውን እንደተባዘተ ጥጥ ይነፋል። «እዩኝ» ማለቱ ነው። መስቀል የሚውለው ልክ እሱ በደመቀበት ሰሞን ስለሆነ አደይ አበባና እሱ አብረው የመጡ ይመስለናል።

ኅዳር ሲደርስ ሥራው አልቋል። ቀዩ ላባ ይረግፋል፤ ቡናማ ዝንጉርጉር ይተካል። ሴቷን ይመስላል። ከሌሎች ድንቢጥ መሳዮች ጋር ተቀላቅሎ መሬት ላይ ዘር ሲለቅም ማን ይለየዋል? በፊት አስተምርበት ከነበረው ትምህርት ቤት አጥር ጀርባ ያለውን ቁጥቋጦ ለዓመታት ተከታትየዋለሁ። ኅዳር አጋማሽ ላይ ገና ያልጨረሰ አንድ ሁለት ይገኛል። አንዱን በአምስት እርምጃ ርቀት አይቼዋለሁ። ከላይ እስከ ታች ቡናማ ሆኖ፣ ጉሮሮው ሥር ብቻ የአንድ ብር ሳንቲም የምታህል ቀይ ቀርታበት ነበር። በሳምንቱ ስመለስ እሷም የለችም።

እንደ አባባሉ መጥታ የምትሄደውን ካሉኝ ጋሼ፣ ሌላ ወፍ ላሳይዎ። ከብት የሚግጥበት ሜዳ ይሂዱ። ከላሚቱ እግር ሥር ጅራቷን ከላይ ወደ ታች የምትወዘውዝ፣ ደረቷ ቢጫ የሆነች ቀጭን ወፍ ያገኛሉ። ላሚቱ እግሯን ስታነሳ ከሣሩ ውስጥ ነፍሳት ይዘላሉ። ወፊቱ የምትጠብቀው ያንን ነው። ኮቴው ተነስቶ መሬት እስኪነካ ድረስ ገብታ ለቅማ ትወጣለች። ስመለከት ሁልጊዜ «አሁን ተረገጠች» እላለሁ። ተረግጣ አላየሁም።

ክብደቷ 17 ግራም ገደማ ነው፤ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር እንደማለት። ከአውሮፓና ከእስያ ሜዳዎች ተነስታ፣ በረሃውን አቋርጣ ነው የመጣችው። «የአውሮፓ ወፍ» ብለው ጠይቀውኛል። እኔ ግን እንደዚያ ማለት ትቻለሁ። መስከረም አካባቢ ገብታ እስከ መጋቢት ትቆያለች። ግማሽ ዓመት ነው። እዚያ ጎጆ ሠርታ ልጅ አሳድጋ የምትወጣው በአራት ወር ገደማ ነው፤ የቀረው ጊዜ በመንገድ ያልቃል። ስለዚህ ዓመቱ ሲቆጠር ከማንም ይበልጥ የምትቆየው ከላሞቻችን ጋር ነው። የእኛ ወፍ ናት።

ባይኖክላር ልገዛ ነው። ሻጩ 20 ጊዜ የሚያጎላው ይሻልሃል አለኝ። እውነት ነው?
*ባጃጅ አሽከርካሪ፣ ከሐዋሳ*

እንዳትገዛው ወንድሜ። እኔ የዛሬ 12 ዓመት በዚሁ ቃል ተታልዬ ገዝቻለሁ። ቤት ስደርስ አንዱን ወፍ ሁለት አድርጎ ያሳየኛል። ስመልሰው ሱቁ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» አለኝ። የሁለት ወር ቁጠባዬ ነበር፤ እስካሁን ያናድደኛል።

ባይኖክላሩ ላይ ሁለት ቁጥር ይጻፋል፤ ለምሳሌ 8×42። የመጀመሪያው ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ ነው። ሁለተኛው የፊት መስታወቱ ስፋት በሚሊሜትር ነው፤ ሰፋ ሲል ብርሃን ያስገባል። ብዙ በሚያጎላው የእጅህ መንቀጥቀጥም አብሮ ይጎላል። ለፊላና ለቁጥቋጦ ባለ 8 ይበቃሃል። ባለ 10 ካገኘህም መጥፎ አይደለም። ቁጥሩ የሚቀያየር፣ «ዙም» የሚሉትን ተወው። ገንዘብህን ከማውጣትህ በፊት ሱቁ በር ላይ ቆመህ ማዶ ያለ ታፔላ አንድ ደቂቃ ሙሉ እየው። ዓይንህን ከጎተተህ ወይም ራስህን ከያዘህ መልስለት።

መታወቂያህንም ያዝ። ድልድይ ላይ ወይም ጥበቃ ያለበት ግቢ አጠገብ ባይኖክላር አታንሳ። ጠባቂ ከጠየቀህ ረጋ ብለህ አስረዳው፣ እሱም እንዲያይበት ስጠው። እኔ እንደዚያ ነው የማደርገው፤ ዛሬ ሰላም የምባባላቸው ጠባቂዎች አሉ።

ወፎቹ ለምንድን ነው ከሩቅ አገር የሚመጡት? በርዷቸው ነው? መንገዱንስ ማን ያሳያቸዋል?
*የ9ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከሐዋሳ*

ጎበዝ ልጄ፣ ጥሩ ጠይቀሻል። ብርዱ ዋናው ምክንያት አይደለም። ላባ ትልቅ ጋቢ ነው። የሚያባርራቸው ረሃብ ነው። እዚያ በረዶ ሲመጣ ነፍሳቱ ይጠፋሉ፣ ረግረጉ ይረጋል፣ ጭቃው እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ምንቃሩን ጭቃ ውስጥ ሰዶ ትል የሚያወጣ ወፍ እዚያ ምን ይበላል? እኛ ጋ ግን በዚያው ጊዜ ክረምቱ የሞላው ውሃ ቀስ እያለ ይሸሻል። ዳር ዳሩ ላይ አዲስ ጭቃ በየቀኑ ይገለጣል። ለነሱ ማዕድ የተዘረጋ ያህል ነው።

«ታዲያ ለምን እዚሁ አይቀሩም?» ትይኝ ይሆናል። እዚያ በበጋቸው ቀኑ በጣም ይረዝማል፣ ነፍሳቱም ይፈላል። ጫጩት የሚመግብ ወላጅ ረጅም ቀን ይፈልጋል።

ጉዞው የሚጀምረው በረዶው ሳይመጣ ነው። የቀኑ ማጠር ሰውነታቸውን ይቀሰቅሰዋል። ያኔ አብዝተው ይበሉና ስብ ያጠራቅማሉ። አንዳንዶቹ ትንንሽ ወፎች በረሃውን ከመግባታቸው በፊት ክብደታቸውን እጥፍ ሊያደርሱት ይችላሉ። ስንቃቸው እሱ ነው። አቅጣጫቸውን በፀሐይ፣ በከዋክብትና በምድር መግነጢሳዊ ኃይል ይይዛሉ። ብዙዎቹ ትንንሽ ወፎች የሚጓዙት ሌሊት ነው።

ሽመላና ንስርን የመሳሰሉት ትልልቆቹ ደግሞ በቀን ነው። ክንፋቸውን ዘርግተው፣ ከሞቀ መሬት በሚነሳው አየር ላይ እየተሽከረከሩ ይወጣሉ፤ ከዚያ ሳይደክሙ ይንሸራተታሉ። ባሕር ላይ እንዲህ ያለ አየር የለም። ስለዚህ ጠባብ መሻገሪያ ይፈልጋሉ። ከየመን ወደ ጂቡቲ በባብ ኤል መንደብ የሚሻገሩት ለዚህ ነው፤ እዚያ ባሕሩ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከዚያ ስምጥ ሸለቆውን ተከትለው ይወርዳሉ። በዚህ የስምጥ ሸለቆና የቀይ ባሕር መስመር በየዓመቱ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ትልልቅ ወፎች ያልፋሉ፤ 37 ዓይነት ናቸው። አንቺ የምትኖሪው መንገዱ ላይ ነው።

ማስታወሻ ደብተር ያዢ። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ያየሽው ወፍ ቀለምና ምን ሲያደርግ እንደነበር ጻፊ። ስሙን ባታውቂውም ሥዕሉን ሳዪ። «ሜርሊን» የሚባለው የስልክ አፕ ነፃ ነው፤ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራልሽ ቀድመሽ አውርጂው። የውሃ ወፎች ቆጠራ ደግሞ ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በብዙ አገሮች በየዓመቱ ጥር ላይ ይካሄዳል። በአገራችን የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ይሠራበታል። መምህራችሁን አስይዢና ክበብ መሥርቱ። የራሳችሁን አንድ ጥግ በየወሩ ቁጠሩ።

ዓሣ ገበያው አጠገብ ነው ቤቴ። አባ ኮዳ ኮዳው ውስጥ ምን ይይዛል? እግሩ የነጣውስ ታሞ ነው? የሰፈር ልጆች «በሽታ ያመጣል» እያሉ በድንጋይ ይመቱታል።
*የቤት እመቤት፣ ከሐዋሳ*

እህቴ፣ ስለጠየቅሽልኝ አመሰግናለሁ። ይህ ወፍ ብዙ ይታማል።

አንገቱ ላይ የተንጠለጠለው ነገር ውሃም ምግብም አይዝም። በአየር የሚነፋ ነው። ሴት ሲያባብልና ሌላውን ወንድ ሲያስፈራራ ይነፋዋል። እግሩም አልታመመም። የቆዳው ቀለም ጠቆር ያለ ነው። ፀሐይ ሲከርርበት የራሱን ኩስ እግሩ ላይ ያፈስሳል። እርጥበቱ ሲተን እግሩን ያቀዘቅዝለታል። የነጣው የደረቀ ኩስ ነው። ለዓይን ባያምርም ላብ ለሌለው ፍጥረት ትልቅ ብልሃት ነው። ራሱ መላጣ መሆኑም ይጠቅመዋል። ጥምብ ውስጥ ምንቃሩን ሲከት ላባ ቢኖረው ደም ይረጋበት ነበር።

ልጆቹን እንዲህ በያቸው። ገበያው ላይ የሚጣለውን የዓሣ አንጀትና ጭንቅላት የሚያነሳልን እሱ ነው። እሱ ባይኖር ከሰዓት በኋላ በዚያ ማለፍ አይቻልም። ያው ዱር የለመደ አውሬ ነውና በእጅ አያጉርሱት፤ ምንቃሩ ከባድ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ፌስታል ውስጥ የዓሣ ትርፍራፊ አድርጋችሁ አትጣሉ። ከነፌስታሉ ነው የሚውጠው። አንድ ጊዜ ከሆዱ እንዲያወጣው ሲታገል ቆሜ አይቻለሁ። አንገቱን እየዘረጋ፣ እያስመለሰ፣ ጥቁሩ ፌስታል ግማሹ ወጥቶ ግማሹ ቀርቶ። ማንም ሊደርስለት አልቻለም።

መረቤ ውስጥ ነጭና ግራጫ ወፍ ተጠምዶ አገኘሁ። እግሩ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ቀለበት አለ። ፈትቼ ለቀቅሁት። ቀለበቱ ምንድን ነው? ልወስደው ይገባ ነበር?
*ዓሣ አጥማጅ፣ ከሐዋሳ*

እጅህ ይባረክ፤ አለመውሰድህ ልክ ነው። እንደነገርከኝ መልኩ ከሆነ የሐይቅ ወፍ፣ በበጋ ከሰሜን ከሚመጡት አንዱ ሳይሆን አይቀርም። ቀለበቱን የሚያስሩት ተመራማሪዎች ናቸው። እያንዳንዱ ቁጥር የአንድ ወፍ ብቻ ነው፤ እንደ ሰሌዳ ቁጥር። ያ ወፍ ሌላ ቦታ ሲገኝ ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ ይታወቃል። ሌላ ጊዜ ካጋጠመህ በስልክህ ቀለበቱን ዙሪያውን አንሳ፤ ፊደሉም ቁጥሩም ይነበብ። ቀኑንና ቦታውን ጻፍ። «ዩሪንግ» የሚባል የአውሮፓ ድርጅት ድረ ገጽ ላይ ማስታወቅ ይቻላል። ላክልኝና እኔ እሞላልሃለሁ። ከየት እንደመጣ መልሱ ሲመጣ እነግርሃለሁ።

ስትፈታውም ነጠላ ወይም ጨርቅ ራሱ ላይ ጣል አድርግበት፤ ጨለማ ሲሆንበት ይረጋጋል። ምንቃሩን ከዓይንህ አርቅ። ክንፉን አትጎትት፤ ክሩን ቁረጥ። የመረብ ክር ውድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ አባቴ ማታ ማታ በኩራዝ ሲጠግን ነው ያደግሁት። እሱም ግን ለወፍ ሲሆን ይቆርጥ ነበር። ያረጀ መረብ ውሃ ውስጥ አትተዉ፤ ባለቤት የሌለው መረብ ሌትና ቀን ሲገድል ይኖራል።

ጥቁር ውሃ አካባቢ ነው የምኖረው። ረግረጉ ትንኝና ሽታ ነው። ተደፍኖ ቤት ቢሠራበት አይሻልም? ወፍ ከሰው ይበልጣል እንዴ?
*አባወራ፣ ከሐዋሳ*

ወፍ ከሰው አይበልጥም ወንድሜ። ወባ የያዘው ልጅ አቅፎ ሐኪም ቤት ደጃፍ ላደረ ሰው ስለ ወፍ አላወራም። እኔም አድሬበታለሁ። ግን የምትለውን ነገር ከውሃው በኩል እንየው።

ሐይቃችን መግቢያ እንጂ መውጫ የለውም። ከሐዋሳ ሐይቅ የሚወጣ ወንዝ አታገኝም። የገባበት አፈር፣ የገባበት ቆሻሻ፣ የገባበት ኬሚካል እዚያው ይቀራል። ዓመቱን ሙሉ የሚገባው ወንዝ ደግሞ ጥቁር ውሃ ብቻ ነው። ስለዚህ ከምሥራቅ ተራሮች ታጥቦ የሚመጣው ሁሉ በዚያች አንድ በር ነው የሚያልፈው። በሩ ላይ የቆመው ማጣሪያ ያ ረግረግ ነው። ፊላውና ቄጠማው ውሃውን ያዘገዩታል። ውሃ ሲዘገይ አፈሩ ይዘቅጣል። ሥሩ ደግሞ ከውሃው ውስጥ ብዙ ነገር ይመጥጣል። ጨለለቃ ራሱ በ1960ዎቹ ክፍት ሐይቅ ነበር። አባቴ «ጨለለቃ ሐይቅ» ነበር የሚለው። ዛሬ በደለል ሞልቶ ረግረግ ሆኗል። ያ ሁሉ ደለል እዚያ ባይቀር ኖሮ የት ይገባ ነበር? ቆሮሶው የሚራባበት ዳርቻ ላይ።

ስለ ትንኙ ደግሞ፣ ወባ የምታስተላልፈው ትንኝ በጣም የምትወደው ትንንሽ፣ ፀሐይ የሚያገኛቸው፣ ዓሣ የሌለባቸው ኩሬዎችን ነው። የከብት ኮቴ የቆፈረው። ለቤት ሥራ አፈር የወጣበት ጉድጓድ። መንገድ ዳር የተኛ ውሃ። ረግረጉን ለመድፈን አፈር ስናወጣ የምንሠራላት እነዚህን ነው። ክፍት ውሃው ውስጥ ዕጭዋን የሚበሉ ትንንሽ ዓሦችና እንቁራሪቶች አሉ፤ ማታ ማታም የበረረችውን የሌሊት ወፍ ይለቅማታል። አጎበሩን ስቀሉ፣ ጉድጓዱን ድፈኑ። ረግረጉን ተዉልን።

ሽታውን በተመለከተ እውነትህን ነው። ረግረግ ራሱ ጥቂት ይሸታል። አንተ የምትለው ሽታ ግን ከዚያ ይለያል፤ እኔም አሸትቼዋለሁ። አንዳንድ ጠዋት ውሃው አረፋ ይዞ ይወርዳል። ያ የወፍም የቄጠማም ሥራ አይደለም፤ ሳይጣራ የተለቀቀ ፍሳሽ ነው። እዚህ ላይ አንተም እኔም አንድ ወገን ነን። ቀኑንና ሰዓቱን እየጻፍክ፣ ፎቶ እያነሳህ ለሚመለከተው አመልክት። ብቻህን ሳይሆን ከጎረቤት ጋር።

ሌላም ነገር አለ። አንድ እሁድ ከዳክዬዎቹ መካከል ቅንድቡ ነጭ የሆነ አንድ ወንድ ነበር። ቅንድቡ ከዓይኑ ላይ ተነስቶ እስከ ማጅራቱ የወረደ፣ በኖራ የተሰመረ የሚመስል። እነዚህ ዳክዬዎች በጋውን የሚያሳልፉት በአፍሪካና በደቡብ እስያ ነው። ብቻውን ዳር ላይ ቆሞ ላባውን ያበጥር ነበር።

እሁድ እሁድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ እዚያው ወንዙ አፍ አካባቢ ነኝ። ቤትህ ቅርብ ስለሆነ ልጆችህን ይዘህ ና። ቡና በፔርሙዝ ይዤ እመጣለሁ። ባይኖክላሩ አንድ ነው፤ እየተቀባበልን እናያለን።